ብቸናና ሞጣ ለጐብኚ የሚነግሩት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ ወርዶ የወጣ መንገደኛ ደጀን ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው በደብረ ማርቆስ በኩል፥ ሁለተኛው በብቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ጤፍ የጫነ መኪና ብዙ ያልፋል፤ አገር ለማየት ብሎ የሚያልፈው ሰው ግን ጥቂት ነው። ጣናንና ጢስ ዓባይን ለማየት የሚመጣው ጐብኚ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ላይ በአውሮፕላን ይወርድና ከዚያ ወደ ጐንደርና ወደ ላሊበላ ያልፋል። ምሥራቅ ጐጃም በካርታው ላይ ያለ፥ በጐብኚው ማስታወሻ ውስጥ ግን የሌለ አገር ሆኖ ቀርቷል።

ስለዚህ ነገር ሲነሣ ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የደህና ሆቴል አለመኖር ነው። ምክንያቱ ከፊሉ እውነት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጐብኚ ሩቅ አገር የሚሄደው መኝታ ቤት ለማየት አይደለም። የሚያየውን ነገር ምንነት በሚገባ የሚያስረዳው ሰው ያገኘ እንደ ሆነ በቀላል አልጋ ላይም ያድራል፤ ያላገኘ እንደ ሆነ ግን አልጋው ምንም ቢለሰልስ በማግሥቱ ይሄዳል። በብቸናና በሞጣ የጐደለው ከአልጋው ይልቅ አስጐብኚው መሆኑን የከተሞቹ ነጋዴዎች ሊያስቡበት ይገባል።

በሌላ አገር የተደረገውን መመልከት ለዚህ ይጠቅማል። በፖላንድ አገር ክራኮው የምትባል ጥንታዊት ከተማ አለች። አስጐብኚዎቿ እንግዳውን ጧት ተቀብለው በመጀመሪያ የቀድሞ ነገሥታት ወደ ተቀበሩበት ወደ ቫቬል ኮረብታ ይወስዱታል። ከዚያም ካዚሚየዥ ወደሚባለው ወደ ቀድሞው የአይሁድ ሰፈር ይወርዱና ምኵራቦቹን ያሳዩታል። ቀጥሎም የቪስቱላን ወንዝ አሻግረው የጀርመን ናዚዎች በ1933 ዓ.ም. በየካቲት ወር አይሁዳውያኑን ሰብስበው በግንብ ወዳጠሩበት ወደ ፖድጉዥ ሰፈር ያደርሱታል። ያ አጥር ግቢ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 1935 ዓ.ም.፥ ሕዝቡ ከፊሉ እዚያው ተገድሎ ከፊሉ ወደ ሞት ሰፈሮች ተወስዶ ባዶ ቀረ። ዛሬ በአደባባዩ ላይ ባዶ የብረት ወንበሮች ተተክለው ይታያሉ። ኦስካር ሺንድለር የተባለው የፋብሪካ ባለቤት ከአንድ ሺህ የሚበልጡ አይሁዳውያን ሠራተኞችን ከሞት ያተረፈበት የሸክላ ቅብ ዕቃ ፋብሪካም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዪቱ የጦርነት ዘመን ሙዚየም ሆኗል።

በዚህ ውስጥ አንድ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የክራኮው ሰዎች ቤተ መንግሥቱን ለብቻ፥ ኀዘኑንም ለብቻ አልሸጡም። የነገሥታቱ መቃብርና የተገደሉት ሰዎች አደባባይ በአንድ ቀን ጉዞ፥ በአንድ አስጐብኚ አፍ ተያይዘው ይነገራሉ። እንግዳውም ግማሽ ቀን ብቻ ሊቆይባት በነበረችው ከተማ ሁለት ሌሊትና ሦስት ያድራል። ምሳ ቤቱ፥ መጽሐፍ ሻጩ፥ ባለታክሲው ሁሉ ከዚያ ይጠቀማሉ።

ይህ ሁሉ ከብቸና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የሚያገናኘው አንደኛ ነገር ዘመኑ ነው። በክራኮው አይሁዳውያኑ ወደ አጥሩ በተነዱበት በዚያው በየካቲት 1933 ዓ.ም. በጐጃም ምድር የኢጣልያ ጦር ከእንጅባራና ከቡሬ እየለቀቀ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፍግ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ገብተዋል፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፥ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ይደርሳሉ። ከእርሳቸው ጋር የዘመተው፥ ኦርድ ዊንጌት የተባሉት የእንግሊዝ መኮንን ያዘዙት፥ ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን የተውጣጣው 2,000 ያህል ሰው የነበረበት ጦር «የጌዴዎን ጦር» ይባል ነበር።

ስሙ በከንቱ የተሰጠ አይደለም። ዊንጌት ከዚህ ቀደም ብሎ በ1930 ዓ.ም. በፍልስጥኤም ምድር አይሁዳውያንንና እንግሊዞችን አቀላቅለው የሌሊት ጭፍሮች አሠልጥነው ነበር። የሠፈሩበትም ቦታ በመጽሐፈ መሳፍንት እንደ ተጻፈው ጌዴዎን 300 ሰዎቹን በውኃ አጠጣጣቸው በመረጠበት በሐሮድ ምንጭ አጠገብ ነው። ወደ ጐጃም ሲዘምቱም ስሙን ይዘውት መጡ፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ሰውም ጭምር። በፍልስጥኤም ጸሓፊያቸውና አስተርጓሚያቸው የነበረው አይሁዳዊ አቭራሃም አካቪያ በጐጃሙ ዘመቻ አብሯቸው ነበር፤ በኋላም ስለ ዊንጌት በዕብራይስጥ መጽሐፍ ጽፏል። ከፍልስጥኤም የመጡ አይሁዳውያን ሐኪሞችም በዚሁ ጦር ውስጥ ቍስለኛ አክመዋል። ወገኖቻቸው በአውሮፓ በየአጥሩ ሲታጐሩ እነዚህ ጥቂት ሰዎች በጐጃም ደጋ ከሐበሻ አርበኛ ጋር በአንድ ወገን ቆመው ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጠላቱ ነው። የፋሽስት መንግሥት ሰውን በዘር የሚለይ ሕግ ማውጣት የጀመረው በአይሁዳውያን ላይ አልነበረም። በ1929 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር በእስራት የሚያስቀጣ ድንጋጌ ታወጀ። የኢጣልያ አይሁዳውያን ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት ሥራ የተባረሩበት ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ፥ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የተሞከረው ነገር ወደ ሮም ተመለሰ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ይህን አያይዞ የሚያስረዳ አስጐብኚ በጐጃም ቢገኝ፥ ከክራኮው የመጣ እንግዳም ከኢየሩሳሌም የመጣ እንግዳም ራሱን በባዕድ ታሪክ ውስጥ አያገኘውም።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጐብኚ ንግድ በተስፋፋባቸው ቦታዎች ሁሉ የሚታየው ትልቁ በሽታ እንግዳው የሚወደውን አይቶ ያልነበረውን እንደ ነበረ መንገር ነው። የጌዴዎን ጦር ዋና መንገድ በበላያ፥ በቡሬ፥ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ በኩል እንጂ በብቸና በኩል አልነበረም። ሞጣን የሚነካው አንዱ ክፍሉ የጮቄን ተራራ ብርድ ተሻግሮ በመምጣቱና በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በዚያ የነበረው የኢጣልያ ምሽግ እጁን በመስጠቱ ነው። ስለዚህ አካቪያ በዚህ ቤት አደረ፥ ዊንጌት ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀመጡ እያሉ ድንጋይ ማቆም ለአንድ ዓመት ገበያ ቢሆን እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም። መጽሐፍ ያነበበ እንግዳ አንዲቱን ሐሰት ያገኘ ዕለት እውነቱንም አያምንም። ከዚህም ሁሉ በላይ ደግሞ አገሩን ከአራት ዓመት በላይ ይዘው የቈዩት፥ በልጅ ኃይሉ በለውና በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ሥር የተዋጉት የሞጣና የብቸና ሰዎች ናቸው። የውጭ አገር መኮንን ስም እነርሱን ሸፍኖ እንዲታይ ማድረግ ነውርም ኪሣራም ነው።

መንገዱ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ጥቂት ማየት ይበጃል። ጉዞው የሚጀምረው ብቸና ላይ ሳይሆን ገና ከዓባይ ድልድይ፥ ከሸፈርታክ ነው። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ የወጣው የኮሎኔል ማራቬንታኖ ጦር ዓባይን የተሻገረው በዚህ በኩል ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከወንዙ ማዶ ርቆ ሄዶ እጁን ሰጥቷል። የእንግሊዝ መኮንኖች በጻፏቸው መጻሕፍት ደጃዝማች በላይ ይህን ጦር በመሻገሪያው ላይ ሊመቱት ሲችሉ እንዲያልፍ ተዉት፥ በዚህም ውስጥ ለኢጣልያ ያደሩት የራስ ኃይሉ እጅ ነበረበት ይባላል። በጐጃም ሽማግሌዎች ዘንድ ግን ነገሩ እንዲህ አይነገርም። አስጐብኚው ምን ያድርግ? ሁለቱንም ይንገር። እንግዳውን እንደ ዳኛ ቢያከብረው እንግዳው አይቀየምም፤ ይልቁንም ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄ የሚጠይቅ እንግዳ ደግሞ ቶሎ የማይሄድ እንግዳ ነው።

ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ብቸና የበላይ ዘለቀ አገር ናት። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል። አዲስ አበባም መንገድ ሰይማላቸዋለች። ነገር ግን «አባ ኮስትር» የተባሉት እኒህ አርበኛ በነፃነት ማግሥት፥ በጥር 1937 ዓ.ም.፥ በዚያችው በአዲስ አበባ በስቅላት መቀጣታቸው ለብዙ ዘመን በአደባባይ የማይነገር ነገር ነበር። የብቸና ሰው ይህን ታሪክ በዝማሬና በሹክሹክታ ጠብቆ አቆይቶታል። ለእንግዳ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ፍጻሜው ይቈረጥና ድሉ ብቻ ይቀርባል። ከክራኮው ሰዎች ሊወሰድ የሚገባው ትምህርት ምናልባት ይህ ነው፤ የሚያሳፍረውንና የሚያሳዝነውን ከፊት አስቀድመው በመናገራቸው እንግዳ አልሸሻቸውም።

ከብቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ስመ ጥሩ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት መሆኑ ብቻውን ለመጐብኘት ይበቃው ነበር፤ ይሁንና በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዲማን ሳያየው ያውቀዋል፤ የፊታውራሪ መሸሻ ቤትና የሰብለ ወንጌል አገር ነውና። የመጽሐፉ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በአምስቱ ዓመት ጦርነት ጠላትን ተዋግተው የተማረኩና በኢጣልያ ደሴቶች የታሰሩ ሰው ናቸው። አንድ መጽሐፍ ስንቱን ሰው ወደ አንድ መንደር ሊያመጣ እንደሚችል ለማወቅ አምስተርዳምን ማየት ይበቃል፤ አና ፍራንክ የተባለችው አይሁዳዊት ልጃገረድ ተደብቃ ማስታወሻዋን የጻፈችበት ቤት በ1952 ዓ.ም. ለጐብኚ ከተከፈተ ወዲህ በደጁ ሰልፍ ጠፍቶ አያውቅም። በዲማ ግን ልቦለዱን ይዞ የመጣን ወጣት «ይህ ነው» ብሎ የሚመራ ሰው ማግኘት ገና የዕድል ነገር ነው።

ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው መንገድ ደብረ ወርቅ ማርያም አለች። በስተ ምሥራቅ ገባ ሲባል ደግሞ መርጡለ ማርያም አለች፤ በንግሥት እሌኒ የታነፀው፥ በኋላም በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን እንደገና የሠሩበት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ በዚያ ይታያል። የገዳሙ ትውፊት ከክርስትና በፊት በዚህ ቦታ የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋ ነበር ይላል፤ ይህም ከአክሱም፥ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር በአንድነት ያስቈጥረዋል። ስለ አይሁድና ስለ ኢትዮጵያ ለሚጠይቅ እንግዳ ይህ ትውፊት እንደ ትውፊት ሊነገረው ይገባል። ሞጣም ስትደርስ ሞጣ ጊዮርጊስን ያሠሩት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው፤ ስማቸው ብቻ ለአንድ አስጐብኚ የግማሽ ሰዓት ወግ ይከፍትለታል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ለነጋዴ ከሁሉም ይልቅ የሚናገረው ቦታ ሰባራ ድልድይ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሸለቆ ተወርዶ የሚገኘው ይህ የድንጋይ ድልድይ በአጼ ፋሲል ዘመን የተሠራ ሲሆን ጐጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። የሞጣ ነጋዴ እህሉንና ቆዳውን ጭኖ ወደ ማዶ ገበያ የሚሻገረው በእርሱ ነበር። በኢጣልያ ጦርነት ጊዜ አርበኞች የጠላትን መሻገሪያ ለመንሣት የመካከሉን ቅስት እንደ ሰበሩት ይነገራል። ጦርነቱ በ1933 ዓ.ም. አበቃ፤ የድልድዩ ቅስት ግን ስድሳ ዓመት ያህል ክፍት ሆኖ ቀረ። ከዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ ሰዎች በግራና በቀኝ በተሰበረው ጫፍ ላይ ቆመው ገመድ ይዘረጋሉ፤ የሚሻገረው ሰው ወገቡን ታስሮ፥ ከታች ዓባይ እየጮኸ፥ ከወዲያ እየተጐተተ ከወዲህ እየተለቀቀ ይሻገራል። የአንድ ቀን ጦርነት ውሳኔ በሁለት አገሮች ገበያ ላይ ስድሳ ዓመት ያስከፈለውን ዋጋ ከዚህ በበለጠ የሚያሳይ ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም።

የተከተለው ነገር ደግሞ ከዚያ ያላነሰ ያስገርማል። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ሰዎች በገመድ ሲጐተቱ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ በአንድ መጽሔት ላይ አይቶ መጣ፤ በ1994 ዓ.ም. ከአካባቢው ሰዎች ጋር ድልድዩ በብረት ተጠገነ። በድሃ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ማኅበርም ከዚሁ ተነሥቶ ተቋቋመ። ጥገናውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጐርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ገደማ በምትኩ በገመድ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ በአንድ ቦታ ላይ የጐንደር ነገሥታት ሥራ፥ የአርበኞች ጦርነት፥ የነጋዴ መከራና በሩቅ የታየ አንድ ፎቶግራፍ ያመጣው መፍትሔ ተሰብስበዋል። ይህን ለማየት ቍልቍለቱን በእግር ወይም በበቅሎ መውረድ ያስፈልጋል፤ በቅሎውን የሚያከራይ፥ ስንቁን የሚያዘጋጅ፥ ማታ ሲመለሱ ውኃ አሙቆ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ንግድ ማለት ይህ ነው።

ሊመጣ የሚችለውስ እንግዳ ማን ነው? ብዙዎች ወዲያው ፈረንጁን ያስባሉ። ይሁን እንጂ በእስራኤል አገር ዛሬ ከ160,000 በላይ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የሚያዩት ጐንደርንና በአጠገቡ ያለችውን ወለቃን ነው፤ ጐጃምን የሚያያቸው የለም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ልጅነታቸውን በአዳሪ ትምህርት ቤቶች አሳልፈዋል፤ ከነዚህም አንዱ በካርሜል ተራራ ላይ ያለው፥ ስሙን ከኦርድ ዊንጌት የወሰደው የሚን ኦርድ ነው። ያ ሰው የተዋጋው በአባቶቻቸው አገር መሆኑን በቦታው ላይ ቆመው ቢሰሙ ምን እንደሚሰማቸው መገመት አያዳግትም። ከእነርሱ ጋር የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ተማሪ፥ በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊም አለ። ለእነዚህ ሁሉ አስጐብኚው የውጭ ቋንቋ እስኪማር መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከወላጆቹ ጋር አማርኛ የሚናገር እንግዳ ብዙ ነው። ሥራውን በአማርኛ መጀመር ይቻላል።

ጊዜው ግን የሰላም ጊዜ አለመሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን አውኮታል፤ መንገድ ባልተረጋጋበት ጊዜ እንግዳ ጠርቶ ማሳፈር አይገባም። ሆኖም ሰላም እስኪወርድ ድረስ ምንም የሚሠራ ነገር የለም ማለት ስንፍና ነው። ፖላንዶች የቤታቸውን ታሪክ የሰበሰቡት ጐብኚ ከመምጣቱ በፊት ነው። የብቸናና የሞጣ ነጋዴዎች ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው፥ ከየከተማው የተማሩ አምስት ወይም ስድስት ወጣቶች መርጠው፥ ከታሪክ መምህራንና ከየአድባራቱ ሊቃውንት ጋር አስቀምጠው የሚነገረውን ነገር እንዲያጠኑና እንዲጽፉ ቢያደርጉ ወጪው ከአንዲት የጭነት መኪና ጎማ ብዙም አይበልጥም። ለዚህ የቱሪዝም ባለሥልጣን ፈቃድ አይጠበቅም፤ መንገድም መከፈት አያስፈልገውም። አስጐብኚው የሚከፈለው ዋጋ ከአሁኑ ተወስኖ በጽሑፍ ቢቀመጥ ደግሞ ኋላ በእንግዳ ፊት ከሚደረግ ጭቅጭቅ ያድናል።

ይህንንም ሥራ የሚያጣድፈው ዕድሜ ነው። በ1933 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል። የሞጣ ምሽግ እጅ የሰጠበትን ቀን፥ የማራቬንታኖ ጦር ወደ ዓባይ ሲወርድ ያስነሣውን አቧራ በዓይኑ ያየ ሰው ከዚህ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ሊገኝ ይችላል። በሰባራ ድልድይ ጫፍ ቆመው ገመድ ይጐትቱ የነበሩት ግን ሥራቸው እስከ 1994 ዓ.ም. ድረስ ስለ ነበረ ብዙዎቹ ገና ብርቱዎች ናቸው። ጥናቱ ከእነርሱ ሊጀመር ይችላል፤ አንድ ሰው ለማሻገር ስንት ይከፈላቸው እንደ ነበር፥ ገመዱን ማን ይገዛ እንደ ነበር፥ ክረምት ሲገባ ወንዙ ስንት ቀን ይዘጋባቸው እንደ ነበር የሚጠይቃቸው ቢገኝ።